ሃርፐርስ ፌሪ፦ ስለ አንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዋሽንግተን ዲሲ ወደ ሰሜን ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ብትነዱ፣ ተራራው ተሰንጥቆ ሁለት ወንዞች የሚጋጠሙበት ቦታ ትደርሳላችሁ። እዚያ ዳገቱ ላይ የተለጠፈችው ከተማ ሃርፐርስ ፌሪ ትባላለች። ነዋሪዎቿ 300 አይሞሉም። እኛ ዘንድ አንድ ሠርግ ከዚያ በላይ ሰው ይጠራበታል።

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ቅርባችን ስለሆነች እንግዳ ሲመጣብን ይዘን እንሄዳለን። ወንዙን አይተን፣ ፎቶ ተነስተን፣ አይስክሬም በልተን እንመለሳለን። እንግዳው «እዚህ ምን ተደረገ?» ሲል ግን መልሱ ያጥረናል። ለዚህ ነው እነዚህን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው የጻፍኳቸው። ቀኖቹም ዓመቶቹም በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋ በትክክል የት ናት?

ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ጄፈርሰን ካውንቲ። የግዛቷ የመጨረሻ ምሥራቃዊ ጫፍ ናት። ከምዕራብ የሚመጣው ፖቶማክና ከደቡብ የሚመጣው ሼናንዶዋ እዚህ ይገናኙና ብሉ ሪጅ የሚባለውን ተራራ ሰንጥቀው አንድ ላይ ወደ ዋሽንግተን ይወርዳሉ። ፖቶማክን ተሻግሮ ያለው ሜሪላንድ ነው። ሼናንዶዋን ተሻግሮ ያለው ተራራ ደግሞ ቨርጂኒያን ይነካል። አንድ ቦታ ቆማችሁ ሦስት ግዛት ታያላችሁ ማለት ነው።

ዌስት ቨርጂኒያ የተራራ አገር ናት። ከግዛቷ ሁሉ ዝቅተኛው ቦታ ግን እዚሁ የፖቶማክ ዳር ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ 73 ሜትር ገደማ ብቻ። ይህንን ያዙልኝ። ውሃውም፣ መንገዱም፣ ባቡሩም፣ ጦሩም በዚህች የተራራ በር ነው የሚያልፈው። የከተማዋ ዕድልም መከራም የመጣው በዚሁ በር ነው።

«ፌሪ» ምንድን ነው? ሃርፐርስ ማን ነው?

ፌሪ ሰውና ዕቃ ከዳር ወደ ዳር የሚያሻግር ጀልባ ነው። ሮበርት ሃርፐር የሚባል ወፍጮ ሠሪ በ1747 ወደዚህ መጣ። ቦታው ላይ ከ1733 ጀምሮ ፒተር ስቲቨንስ የሚባል ሰው ያሻግር ነበር። ሃርፐር መሻገሪያውን ከእሱ ገዛው። በ1761 የቨርጂኒያ ምክር ቤት የማሻገር ፈቃዱን በሕግ ሰጠው። ስሙን በአማርኛ እንመልሰው ካልን «የሃርፐር መሻገሪያ» ነው። እሱ ያሠራው የድንጋይ ቤት ዛሬም አለ። ከታችኛው ከተማ ቤቶች ሁሉ ዕድሜ ጠገቡ እሱ ነው።

ቶማስ ጄፈርሰን ስለዚህ ቦታ ተናግሯል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ኋላ ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዝዳንት የሆነው ጄፈርሰን በ1783 ጥቅምት ወር መጥቶ አይቶታል። ይህንን ለማየት አትላንቲክን ማቋረጥ እንኳ ያዋጣል ብሎ ጽፏል። የቆመበት ድንጋይ «ጄፈርሰን ሮክ» ይባላል። ከቅዱስ ጴጥሮስ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በላይ ትንሽ ዳገት ወጥታችሁ ታገኙታላችሁ። ዕይታው በእርግጥ ያስደንቃል። ግን ይህንን የጻፈው ሰው በሕይወት ዘመኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በባርነት የያዘ መሆኑንም ድንጋዩ ላይ ቆማችሁ አስታውሱ። የዚህች ከተማ ታሪክ ከዚያ ጉዳይ አይላቀቅም።

ለምን የጠመንጃ ፋብሪካ እዚህ ተሠራ?

በውሃው ምክንያት። በዚያን ጊዜ ማሽን የሚያሽከረክረው የወንዝ ጉልበት ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን አካባቢውን ከወጣትነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። ፕሬዝዳንት ሆኖ በ1794 የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የሚቆምበት ቦታ ሲፈለግ ይህንን መረጠ። ውሃ አለ፤ ብረት ቅርብ ነው፤ ከሰል የሚሆን እንጨት ሞልቷል፤ ከባሕር ለሚመጣ ጠላትም ሩቅ ነው።

ግንባታው በ1799 ተጀመረ። እስከ 1861 ድረስ ከ600,000 በላይ ጠመንጃና ሽጉጥ እዚህ ተሠርቷል። ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ የተጓዘው ሜሪዌዘር ሉዊስ በ1803 መሣሪያውን ያሰናዳው ከዚህ ነው።

ከዚያ የሚበልጠው ግን የጆን ሆል ሥራ ነው። ድሮ ጠመንጃ የሚሠራው አንጥረኛ አንድ በአንድ እየሞረደ ነበር። የአንዱ ብረት ለሌላው አይገጥምም። ሆል በ1819 እዚህ መጥቶ ሃያ ዓመት ያህል ደከመበት። በመጨረሻ የማንኛውም ጠመንጃ ክፍል ለማንኛውም ሌላ ጠመንጃ የሚገጥምበትን አሠራር አሳየ። ዛሬ የመኪናችን መለዋወጫ ከሱቅ ተገዝቶ በቀጥታ የሚገጥመው በዚህ ዓይነት አሠራር ነው። ስሙን የሚያነሳው ሰው ግን ትንሽ ነው።

በ1830ዎቹ የውሃ ቦዩም የባቡር ሐዲዱም ደረሱ። ከተማዋ ደመቀች።

ጆን ብራውን ማን ነው? ምን አደረገ?

ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው ይህ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልሰው።

ጆን ብራውን ነጭ ነው። አጥባቂ ክርስቲያን ነው። ባርነት ኃጢአት ነው ብሎ ማመን ብቻ አልበቃውም፤ በመሣሪያ መፍረስ አለበት ብሎ ተነሳ። ወደዚህ ከመምጣቱ በፊት በካንሳስ ግዛት በባርነት ጉዳይ በተነሳው ግጭት ተዋግቷል፤ ደምም አፍስሷል።

በ1859 ክረምቱን ሜሪላንድ ውስጥ አንድ እርሻ ተከራየና ሰዎቹን ሰበሰበ። ጊዜውን ለማነጻጸር፣ እኛ ዘንድ የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ነው። ሐሳቡ የመንግሥቱን መሣሪያ ግምጃ ቤት መያዝ፣ በአካባቢው በባርነት የተያዙትን ማስታጠቅ፣ ከዚያም ተራራውን ምሽግ አድርጎ ወደ ደቡብ መዝለቅ ነበር። ግምጃ ቤቱ ውስጥ 100,000 የሚጠጋ መሣሪያ እንደነበር ይነገራል።

እሑድ ጥቅምት 16 ቀን 1859 ሌሊት ድልድዩን ተሻግሮ ገባ። ከእሱ ጋር 21 ሰዎች ነበሩ፤ ሦስቱን ለጠባቂነት ኋላ ትቷል። ፋብሪካውንና ግምጃ ቤቱን በቀላሉ ያዙ። የአካባቢውን ባለ ርስቶችም በመያዣነት ወሰዱ። ከነዚያ አንዱ የጆርጅ ዋሽንግተን ዘመድ ነበር።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። በዚያች ሌሊት በመጀመሪያ የተገደለው ሰው ሄይዋርድ ሼፐርድ ይባላል። በባቡር ጣቢያው ዕቃ ተሸካሚ የነበረ ነፃ ጥቁር ነው። ጥቁሮችን ነፃ ሊያወጣ የመጣ ዘመቻ መጀመሪያ የገደለው ጥቁር ሰው መሆኑ ልብ ይሰብራል። ብራውን ደግሞ ያስቆመውን ባቡር መልሶ ለቀቀው። ባቡሩ ወሬውን ይዞ ሄደ፤ ከባቡሩ ቴሌግራፉ ፈጠነ። ሲነጋ የአካባቢው ሚሊሻ ድልድዮቹን ዘጋ። የተራራው በር ወጥመድ ሆነ። ብራውንና የተረፉት ሰዎቹ የእሳት ማጥፊያ ፓምፕ የሚቀመጥባት ትንሽ የጡብ ቤት ውስጥ ገቡ።

ጥቅምት 18 ጠዋት ከዋሽንግተን የመጡ ማሪኖች በሩን በመሰላል ሰብረው ገቡ። አዛዡ ኮሎኔል ሮበርት ኢ. ሊ ነበር፤ በ1861 በእርስ በርስ ጦርነቱ ለደቡብ ጦር የተሰለፈው ያው ሊ። ከዘማቾቹ አሥሩ ሞቱ። ሁለቱ የብራውን ልጆች ናቸው። አምስቱ አመለጡ። ሰባቱ፣ ብራውንን ጨምሮ፣ ተሰቀሉ። እሱ የተሰቀለው ታኅሣሥ 2 ቀን 1859 በአቅራቢያው ባለችው ቻርልስ ታውን ነው። ከመሰቀሉ በፊት በተዋት ቁራጭ ወረቀት ላይ የዚህች አገር ወንጀል ያለ ደም አይጠራም የሚል ቃል ጻፈ። ሰሜኑና ደቡቡ የተዋጉበት የእርስ በርስ ጦርነት ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ጀመረ።

ጀግና ነው ወይስ ነፍሰ ገዳይ? አሜሪካውያን እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። የእኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በካንሳስ ያደረገውን መካድ አልችልም። ሆኖም ሌላው ሰው በጋዜጣና በስብሰባ ሲጨቃጨቅ እሱ ልጆቹን ይዞ ለሌላ ሰው ነፃነት ሞቷል። ይህንን አሳንሼ ማየት አልችልም።

አብረውት የዘመቱ ጥቁሮች ነበሩ?

አምስት ነበሩ። ስማቸው ሊጠራ ይገባል፦ ዴንጀርፊልድ ኒውቢ፣ ሉዊስ ሊሪ፣ ሺልድስ ግሪን፣ ጆን ኮፕላንድና ኦስቦርን አንደርሰን።

ኒውቢ ነፃ የወጣ ሰው ነው። ሚስቱ ሃሪየትና ልጆቹ ግን ቨርጂኒያ ውስጥ በባርነት ነበሩ። ሳልሸጥ ቶሎ ድረስልኝ እያለች ትጽፍለት ነበር። ከተገደለ በኋላ ደብዳቤዎቿ ኪሱ ውስጥ ተገኙ።

ሺልድስ ግሪን ከባርነት ያመለጠ ሰው ነው። ከዘመቻው ሁለት ወር በፊት ራሱም ከባርነት ያመለጠው ታዋቂው የፀረ ባርነት ተናጋሪ ፍሬድሪክ ዳግላስ ከብራውን ጋር ፔንስልቬንያ ውስጥ በድብቅ ተገናኝቶ ነበር። ዳግላስ ዕቅዱ ወጥመድ ነው ብሎ እምቢ አለ። ሲመለስ አብሮት የመጣውን ግሪንን «ምን ታደርጋለህ?» አለው። ግሪን «ከሽማግሌው ጋር እሄዳለሁ» አለ። ሄደ፤ ተሰቀለም። ኮፕላንድም በዚያው ቀን ተሰቅሏል። ከአምስቱ በሕይወት ያመለጠው አንደርሰን ብቻ ነው።

ጆን ብራውን የተመሸገባት ቤት አሁን ያለችው በቦታዋ ነው?

ጠጋ ብላለች እንጂ በቦታዋ አይደለችም። ይህች ቤት ብዙ ተንከራታለች። በ1891 ተፈትታ ለዓለም ኤግዚቢሽን ቺካጎ ተወሰደች። በ1895 ተመልሳ ከከተማው ወጣ ባለ እርሻ ላይ ተተከለች። በ1909 ስቶረር ኮሌጅ ገዝቶ ግቢው ውስጥ አቆማት። በ1968 የብሔራዊ ፓርኩ አስተዳደር ወደ ታችኛው ከተማ አወረዳት። የመጀመሪያ ቦታዋ በባቡር ሐዲድ መደልደያ ተቀብሯል፤ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ የድንጋይ ምልክት ቆሞበታል።

በእርስ በርስ ጦርነቱ ጊዜ ምን ደረሰባት?

ስምንት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ተገላበጠች። ገና ሲጀመር፣ ሚያዝያ 1861፣ የፌዴራል ወታደሮች መሣሪያው በደቡቦቹ እጅ እንዳይገባ ግምጃ ቤቱን አቃጥለው ወጡ። የተረፈውን ማሽን ደቡቦቹ ነቅለው ወሰዱ። ፋብሪካው ከዚያ በኋላ ዳግም አልተነሳም።

በመስከረም 1862 የደቡቡ ጄኔራል «ስቶንዎል» ጃክሰን ዙሪያውን ያሉትን ተራራዎች ይዞ መድፍ ጠመደ። ከታች ያለው ጦር ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ነው። ከ12,000 በላይ የሰሜን ወታደር እጁን ሰጠ። በዚያ ጦርነት እንዲህ ያለ ቁጥር ያለው የፌዴራል ጦር በአንድ ጊዜ የተማረከበት ሌላ ቦታ የለም። መልክዓ ምድሩን ያየ ሰው ምክንያቱን ለመረዳት ካርታ አያስፈልገውም፤ ቀና ብሎ ማየት ይበቃዋል።

ከተማዋ የቨርጂኒያ ናት ወይስ የዌስት ቨርጂኒያ?

ጆን ብራውን ሲመጣ ዌስት ቨርጂኒያ የምትባል ግዛት አልነበረችም። ለዚህ ነው የተፈረደበት በቨርጂኒያ ላይ ክህደት ፈጽሟል ተብሎ የሆነው። ቨርጂኒያ ከፌዴራሉ ስትገነጠል ምዕራባዊው ክፍሏ አልገነጠልም አለ። ሰኔ 20 ቀን 1863 ዌስት ቨርጂኒያ ራሷን የቻለች ግዛት ሆነች። ቨርጂኒያ ይህንን ካውንቲ ለማስመለስ ተሟግታ በ1871 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተረታች።

ስቶረር ኮሌጅ ምንድን ነው?

እንግዳ ይዤ ስሄድ አስቀድሜ የማሳየው ይህንን ነው። ብዙ ጎብኚ ከታች ያለውን አይቶ ስለሚመለስ አያገኘውም።

ጦርነቱ ሲያልቅ ፍሪዊል ባፕቲስት የሚባሉት ሚስዮናውያን ከባርነት የወጡ ሰዎችን ማስተማር ጀመሩ። የተጀመረው በጥይት የተበሳሳ የፋብሪካ ኃላፊዎች ቤት ውስጥ ነው። ሎክዉድ ሃውስ ይባላል፤ ኮረብታው ላይ ዛሬም ቆሟል። የሜይን ግዛት ነጋዴው ጆን ስቶረር 10,000 ዶላር ሰጠ። ዘር ሳይለይ፣ ወንድ ሴት ሳይል የሚያስተምር ይሁን የሚል ቃል አስገባ። በ1867 ተከፈተ። የጠመንጃ ፋብሪካው ኃላፊዎች ይኖሩባቸው የነበሩ ቤቶች ለባሪያ ልጆች ትምህርት ቤት ሆኑ። ይህንን ሳስብ ሁሌም ደስ ይለኛል።

ግንቦት 30 ቀን 1881 ፍሬድሪክ ዳግላስ እዚህ ቆሞ ስለ ጆን ብራውን ንግግር አደረገ። መድረኩ ላይ ከኋላው ከተቀመጡት አንዱ አንድሩ ሃንተር ነበር፤ ብራውንን ከስሶ ያስፈረደው ዐቃቤ ሕግ ማለት ነው። ንግግሩ ሲያበቃ ተነስቶ ዳግላስን ጨበጠው።

በነሐሴ 1906 ደግሞ ጥቁሩ ምሁር ደብልዩ. ኢ. ቢ. ዱ ቦይስ የሚመራው፣ ለጥቁሮች እኩል መብት የሚታገለው የናያጋራ ንቅናቄ ስብሰባውን እዚህ አደረገ። በአሜሪካ ምድር ያደረገው የመጀመሪያ ስብሰባ ነው። ያለፈው ዓመት የተሰበሰበው ካናዳ ውስጥ ነበር። ተሰብሳቢዎቹ አንድ ቀን ማለዳ ያን ጊዜ እርሻው ላይ ወደነበረችው ወደ ብራውን ቤት ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ሄዱ። ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ጫማ ለምናወልቅ ለእኛ ይህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከሦስት ዓመት በኋላ የተመሠረተው ትልቁ የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ማኅበር፣ ኤንደብልኤሲፒ (NAACP)፣ ከዚህ ንቅናቄ ብዙ ሰውና ሐሳብ ወርሷል።

ለአፍሪካውያንም ድርሻ አለው። የናይጄሪያ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ናምዲ አዚኪዌ አሜሪካ እንደመጡ የተማሩት እዚህ ነው።

ኮሌጁ በ1955 ተዘጋ። ከዓመት በፊት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በትምህርት ቤት ዘር መለየትን ሕገ ወጥ ብሎ ነበር። ከዚያ ግዛቲቱ የምትሰጠውን ገንዘብ አቆመች። ፍትሕ የተባለው ፍርድ ይህንን ትምህርት ቤት ገንዘብ አሳጣው። ግቢው ዛሬ በብሔራዊ ፓርኮች አስተዳደር እጅ ነው። ሕንፃዎቹን በነፃነት ዞሮ ማየት ይቻላል።

ጎርፍ ያጠቃታል?

በጣም። ሁለት ወንዝ ያለው ሁለት ጊዜ ይጠጣል፤ ሁለት ጊዜም ይሰጥማል። የ1870ው ጎርፍ ወፍጮና ፋብሪካ የሞላባትን ቨርጂኒየስ ደሴትን ጠራርጎ ሄደ። ዛሬ እዚያ ያለው በዛፍ የተዋጠ የግንብ ፍርስራሽ ነው። የ1936ቱ ከሁሉ የከፋ ነበር። ውሃው ከ11 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ድልድዮችን ወሰደ። ታችኛው ከተማ ውስጥ ግድግዳ ላይ የየዓመቱ ጎርፍ የደረሰበት ቁመት ተጽፏል። ልጆቻችሁን አጠገቡ አቁማችሁ አሳዩአቸው።

አሁን ስንት ሰው ይኖርባታል? ለምን እንዲህ አነሰ?

በ2010 ቆጠራ 286 ሰው ነበር። በ2020ም 300 አልሞላም። ከጦርነቱ በፊት ግን ከአጎራባቾቿ ጋር 3,000 ያህል ሕዝብ ነበራት።

ምክንያቱ አንድ አይደለም። ፋብሪካው ተቃጠለ፤ እንጀራው አብሮት ሄደ። ጎርፉ የቀረውን ወፍጮ በላ። ኮሌጁ ሲዘጋ ተማሪና መምህር ሄደ። ከዚያ በ1944 ቦታው ብሔራዊ ሐውልት፣ በ1963 ደግሞ ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ተባለ። ታችኛው ከተማ አብዛኛው ዛሬ የፓርኩ ነው። ሕንፃው አለ፤ ቤተሰብ አይኖርበትም። ነዋሪው ያለው ከላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ወደ ላይ ስትቀጥሉ ቦሊቫር የምትባለው ከተማ ትገጥማችኋለች። ድንበሩን ሳታውቁት ታልፉታላችሁ። እሷ 1,000 ያህል ሰው አላት።

የምታዩት ሰው ብዛት ግን ሌላ ነው። ቅዳሜና እሑድ መንገዱ በጎብኚ ይሞላል። ከጆርጂያ እስከ ሜይን 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የአፓላቺያን የእግር መንገድ በከተማዋ መሃል ያልፋል። መንገዱን የሚያስተዳድረው ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤትም እዚሁ ነው። ትልቅ ቦርሳ ያዘለ፣ ፀሐይ የጠበሰው መንገደኛ ካያችሁ የወራት ጉዞ ላይ ነው።

ከዲሲ እንዴት ይኬዳል?

በመኪና። አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይወስዳል። ታችኛው ከተማ ማቆሚያ የለም ማለት ይቻላል። ከላይ ባለው የፓርኩ የጎብኚዎች ማዕከል አቁማችሁ በፓርኩ አውቶቡስ ውረዱ። መግቢያ ይከፈላል። ባቡር አለ፤ ግን የሠራተኛ ባቡሩ ጠዋት ወደ ዲሲ፣ ማታ ወደ ከተማዋ ነው የሚሄደው፤ ለደርሶ መልስ ሽርሽር አይመችም።

ጉልበት ያለው ሰው የእግር ድልድዩን ተሻግሮ ሜሪላንድ ሃይትስ ይውጣ። ዳገቱ ያስተነፍሳል፤ ውሃ ያዙ። ከገደሉ ጫፍ ሁለቱ ወንዞች፣ ሐዲዱና ከተማዋ በአንድ ዓይን ይታያሉ። አዛውንት ይዛችሁ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። የስቶረር ኮሌጅ ግቢ ሜዳ ነው፤ ጥላና ጸጥታም አለው።

ልጆች ወንዙ ውስጥ መግባት ይችላሉ?

አይግቡ። ላዩ የተረጋጋ ይመስላል፤ ከሥሩ ድንጋይና ኃይለኛ ሞገድ አለ። ሰው የሞተበት ውሃ ነው። ውሃው የሚያምራቸው ከሆነ የሕይወት ጃኬት አልብሰው ከመሪ ጋር በጎማ ጀልባ የሚወስዱ ድርጅቶች በአካባቢው አሉ፤ ከእነሱ ጋር ይሂዱ።